ዘንዶው፥ ባለቤቱና ጎረቤቱ

ስለ ዘንዶ ርቢ መጻፍ ለስደተኛ ተማሪ ምኑ ነው? ይህን ጽሑፍ ለማሰናዳት ስንነሣ ከወዳጆቻችን የቀረበልን የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወገን በችግር ላይ ሳለ፥ የባዕድ አገር ሰው በምድር ቤቱ ስለሚያኖረው እባብ ማውራት ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ እኛ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች በየሴሚናሩ ስለ ንብረት፥ ስለ መብትና ስለ መንግሥት ሥልጣን ስንከራከር ምሳሌያችን ዘወትር መሬትና ፋብሪካ ነው። መሬት ግን አይርበውም፤ ፋብሪካም በሌሊት ክዳኑን ገፍቶ ወደ ጎረቤት አይሄድም። ሰው «የእኔ ነው» ያለው ነገር ከእርሱ ምን እንደሚጠይቅ፥ በጎረቤቱስ ዘንድ ምን ዕዳ እንደሚያስገባው በግልጽ ያየነው በመጽሐፍ ሳይሆን በአንድ ዘንዶ አርቢ ቤት ነው። ስለዚህ አንባቢ ጥቂት ይታገሠን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የምንኖረው በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፥ ብዙ ወገኖቻችን በሰፈሩባት በኮሎምበስ ከተማ ነው። ከዚህ በስተምሥራቅ፥ የአንድ ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ርቃ፥ ዜንስቪል የምትባል ከተማ አለች። በኦክቶበር 2011 በዚያች ከተማ አጠገብ አንበሳ፥ ታይገርና ድብ በግል ያኖር የነበረ አንድ ሰው ከነበሩት 56 አራዊት የአብዛኞቹን በር ከፍቶ ለቀቀ፤ በዚያው ዕለትም ሞተ። ከአራዊቱ መካከል 48ቱ ከመንደር ሳይደርሱ በፖሊስ ጥይት ወደቁ። ኦሃዮ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያሉ አራዊትን በግል ስለ መያዝ ጥብቅ ሕግ ካልነበራቸው ክፍለ ግዛቶች አንዷ ነበረች። በዓመቱ፥ በ2012፥ አደገኛ አራዊትን የሚመለከት ሕግ ወጣ። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ሆኖም ዘግይቶ የጮኸ ውሻም ለሚቀጥለው ሌሊት ይጠቅማልና ሕጉን አንንቅም።

ሕጉ የተናገረው ስለ አንበሳና ስለ ታይገር ብቻ አይደለም። ተጠምጥመው የሚገድሉትን ታላላቅ እባቦችም ለይቶ ጠቅሷል። እነርሱም የበርማ ዘንዶ፥ የሕንድ ዘንዶ፥ ቆዳው የመረብ ጥለት ያለው ሬቲኩሌትድ የሚባለው ዘንዶ፥ ሁለቱ የአፍሪካ ዘንዶዎች፥ አሜቲስቲን የሚባለው ዘንዶና ሁለት ዐይነት አናኮንዳ ናቸው። እነዚህን ለማኖር አንድ ፈቃድ፥ ለማራባት ደግሞ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለፈቃዱ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ፥ እባቡ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኢንሹራንስ የገባ፥ እባቡ ቢያመልጥ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ በጽሑፍ ያቀረበ መሆን አለበት። ያመለጠ እንደ ሆነም ለሕግ አስከባሪዎች ወዲያው ማስታወቅ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ግን የሕጉን ልብ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። ሕጉ እነዚህን እባቦች የሚይዛቸው ርዝመታቸው 12 ጫማ፥ ማለትም 3 ሜትር ከ66 ሳንቲም ያህል፥ ሲደርስ ነው። ከዕንቁላል የወጣ የበርማ ዘንዶ ከክንድ ብዙም አይበልጥም፤ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። በጫማ ሣጥን ተይዞ ወደ ቤት ይገባል፤ በልጅ እጅ ላይ ይጠመጠማል። በደንብ የተቀለበ እንደ ሆነ ግን በ3 ዓመት ገደማ ከ3 ሜትር ያልፋል። ሴቲቱ ስትጎለምስ 4ና 5 ሜትር ትደርሳለች፤ ዕድሜዋም ከ20 ዓመት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ግልገሉ በገበያ ሲሸጥ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ ወደ ሕግ የሚገባው በማደግ ነው። ገዢው አዲስ ነገር ሳያደርግ፥ እባቡ እየበላ ብቻ፥ ሰውየው አንድ ቀን ጠዋት ፈቃድ የሚያስፈልገው ሰው ሆኖ ከእንቅልፉ ይነሣል። ማግኘት ነፃ ሆነ፤ ማኖር ግን በሕግ ታሰረ። ችግሩ ሁሉ የሚፈለፈለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው እንላለን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፥ በአንድ ከሰዓት በኋላ የተገዛ ዘንዶ በአንድ ሌሊት ረግረግ ውስጥ ይጣላል።

ነገሩን በወረቀት ላይ ብቻ እንዳናውቀው በበረዶው ወራት የማራቢያ ፈቃድ ወዳላቸው አንድ ሽማግሌ ቤት ሄድን። የእንስሳት ሕክምና የሚያጠና አንድ ወዳጃችንም አብሮን ነበር። ሽማግሌው በሥራ ዘመናቸው መካኒክ የነበሩ፥ አሁን በጡረታ የሚኖሩ ሰው ናቸው። በውጭ በረዶ ይወርዳል፤ ምድር ቤታቸው ግን የጋምቤላን ሙቀት የሚያስታውስ ነበር። 6 ያደጉ ዘንዶዎች በየራሳቸው ማኖሪያ ውስጥ ተኝተዋል፤ እያንዳንዱ ማኖሪያ ሁለት ቁልፍ፥ የክፍሉም በር ሌላ ቁልፍ አለው። በግድግዳው ላይ ፈቃዱ፥ የእንስሳት ሐኪሙና የፖሊስ ጣቢያው ስልክ ተለጥፈዋል። ሽማግሌው ትልቁን እባብ ያለ ሁለተኛ ሰው ከቶ አይከፍቱም። ጥንቸል የነካ እጅም ሳይታጠብ ወደ ማኖሪያው አይገባም፤ እባቡ ሽታውን ተከትሎ እጁን ምግብ ነው ብሎ ሊይዘው ይችላልና። ለእያንዳንዱ እንስሳ መዝገብ አላቸው፤ የበላበት ቀን፥ ክብደቱ፥ ቆዳውን የቀየረበት ጊዜ ሁሉ ተጽፏል። ምግቡም ሞቶ በበረዶ የተቀመጠ አይጥና ጥንቸል ነው።

«ፈቃዱና ቁጥጥሩ አላስመረረዎትም?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ፈቃዱ ስለ እባቡ አይደለም፥ ልጆች፤ ስለ እኔ ነው» አሉን። «እባቡ ሕግ አያውቅም። ጎረቤቴ ግን ከግድግዳው ወዲያ ምን እንደሚተኛ የማወቅ መብት አለው።»

ስለ ርቢው ሲያስረዱን ሥራው ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ መሆኑን አየን። በቀዝቃዛው ወራት ሙቀቱንና የብርሃኑን ሰዓት ጥቂት ይቀንሳሉ፤ ከዚያ ወንዱን ወደ ሴቲቱ ያስገባሉ። የበርማ ዘንዶ በአንድ ጊዜ 30፥ 40፥ ከዚያም በላይ ዕንቁላል ትጥላለች። ወዳጃችን እንደ ነገረን ይህች እናት ከብዙ እባቦች የተለየች ናት። ዕንቁላሎቿን ጥላ አትሄድም፤ ተጠምጥማባቸው ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች፥ ምግብ ሳትቀምስ፥ ለ2 ወር ያህል ታሞቃቸዋለች። ሽማግሌው ግን ዕንቁላሎቹን ወስደው 31 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ መፈልፈያ ሣጥን ውስጥ ያኖሯቸዋል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጉዳይ የእኛው የትምህርት መስክ ነው። ገበያው የሚፈልገው ግልገል ሁሉ እኩል አይደለም። ነጭና ብጫ ቀለም ያለው ዘንዶ ከተለመደው ቡናማ ይበልጥ ይፈለጋል። ይህን ቀለም ሁለቱም ወላጆች በስውር የያዙት እንደ ሆነ በቀለሙ የሚወጣው ከአራት ልጆች አንዱ ያህል ነው። የቀሩት ሦስቱስ? እነርሱም ይበላሉ፤ እነርሱም 4 ሜትር ያድጋሉ። አርቢው ለአንዱ ሲል አራቱን ወለደ ማለት ነው። ሸቀጥ ቢሆኑ ኖሮ የተረፈው ከመጋዘን ይቀመጥ ነበር። ሕይወት ያለው ትርፍ ምርት ግን መጋዘን የለውም፤ በርካሽ ይሸጣል፥ ወይም በነፃ ይሰጣል፤ በመጨረሻም ማንነቱ ከማይታወቅ ሰው እጅ ይወድቃል። ስሌቱን በቀላሉ እንየው። 40 ዕንቁላል ቢፈለፈል 40 ባለቤት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱም 20 ዓመት ቢኖር በአንዲት እናት የአንድ ወቅት ፍሬ 800 የግዴታ ዓመታት ተፈጠሩ። ገንዘቡ የሚከፈለው ግን በአንድ ቀን ነው።

ሽማግሌው ይህን ስሌት በትምህርት ቤት አልተማሩትም፤ ግን ያውቁታል። «ከባዱ ማራባት አይደለም» አሉን፤ «ከባዱ ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው መመለስ ነው።» ግልገል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ለግልገሉ ሳይሆን ላደገው ዘንዶ የሚሆን ማኖሪያ ሠርቶ ማሳየት አለበት። ቤት ቢቀይር፥ ቢታመም ወይም ቢሞት እባቡን ማን እንደሚረከበውም ስሙን ጽፎ ይሰጣል። አንድ ወጣት ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ ቆጥሮ አስቀምጦ «የእኔ ገንዘብ ነው፥ ምን አገባዎት!» ብሎ ተቆጥቶ እንደ ሄደ አጫወቱን። በዓመቱም ባለቤት ለሚያገኙላቸው ያህል ብቻ፥ ለ12 ዕንቁላል፥ ሙቀት ይሰጣሉ፤ የቀረውን አያስፈለፍሉም። ሕጉ በ12 ጫማ ላይ የሚጀምረውን ግዴታ እኒህ ሰው ከዕንቁላሉ ጀመሩት።

ይህ ጥንቃቄ በጠፋበት ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ደቡብ፥ ወደ ፍሎሪዳ መመልከት ይበቃል። የበርማ ዘንዶ በእስያ የሚኖር እንስሳ ነው። ለቤት እንስሳ ንግድ በብዙ አሥር ሺዎች ወደ አሜሪካ ገባ። ኤቨርግሌድስ በሚባለው ሰፊ ረግረግ አካባቢ የመጀመሪያው የታየው በ1979 ሲሆን፥ እየተራባ መሆኑ የታወቀው ግን በ2000 ገደማ ነው። ባለቤቶች የከበዳቸውን እባብ መልቀቃቸው በምክንያትነት ይነገራል፤ በ1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ የርቢ ቤት ማፍረሱም እንዲሁ። በ2012 የታተመ ጥናት በዚያ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በመንገድ ዳር የሚታዩት ራኩኖች ከቀድሞው በ99.3 በመቶ፥ ኦፖሰሞች በ98.9 በመቶ፥ ቦብካት የሚባሉት የዱር ድመቶች በ87.5 በመቶ መቀነሳቸውን ገለጸ፤ ጥንቸል ግን ጨርሶ አልታየም። ከ2000 ወዲህ ከ23000 በላይ ዘንዶዎች ከፍሎሪዳ ምድር ተወግደዋል። ከእነርሱም አንዲቱ፥ በ2022 ይፋ የሆነችው፥ 98 ኪሎ ያህል ትመዝን ነበር፤ በሆዷም 122 በማደግ ላይ ያሉ ዕንቁላሎች ተገኙ። ጉዳቱም በረግረጉ ብቻ አልቀረም። በ2009 በዚያው ክፍለ ግዛት ያለ ፈቃድ በቤት የተያዘ ዘንዶ ከማኖሪያው ወጥቶ የ2 ዓመት ሕፃን ገደለ።

የፍሎሪዳ ሕግ ከነገሩ ኋላ ኋላ ተከተለ። በ2008 ለእነዚህ እባቦች የዓመት ፈቃድና ከቆዳ ሥር የሚቀበር ማይክሮቺፕ ግዴታ ሆነ። በ2010 ለቤት እንስሳነት አዲስ ማግኘት ተከለከለ፤ ቀድሞ ፈቃድ የነበራቸው ግን እንስሳው እስኪሞት እንዲያኖሩት ተተወላቸው። በ2021 ደንቡ ይበልጥ ጠበቀ። የፌዴራሉ መንግሥትም በ2012 የበርማ ዘንዶንና ሁለቱን የአፍሪካ ዘንዶዎች፥ በ2015 ደግሞ ሬቲኩሌትድ ዘንዶን ጎጂ ብሎ በመዘርዘር ከውጭ እንዳይገቡ አገደ። በክፍለ ግዛቶች መካከል ማዘዋወርንም አብሮ ከልክሎ ነበር፤ ነገር ግን አርቢዎች ከስሰው በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሕጉ በዋናው ምድር ባሉት ክፍለ ግዛቶች መካከል የሚደረገውን ዝውውር አይከለክልም ሲል ፈረደ። ስለዚህ ዛሬ ታላቅ ዘንዶ በሕግ ለማራባት የሚፈልግ ሰው የሚኖርበትን ክፍለ ግዛት ሕግ፥ የሚልክበትን ክፍለ ግዛት ሕግና የፌዴራሉን ሕግ ሦስቱንም ማወቅ አለበት። በአንዱ የተፈቀደው በሌላው ወንጀል ነው።

እዚህ ላይ ለስደተኛ የሚፈትን ንጽጽር አለ። ይኸው የበርማ ዘንዶ በትውልድ አገሩ ስለ ሥጋውና ስለ ቆዳው እየታደነ ህልውናው ለአደጋ ከተጋለጠ እንስሳት ተቆጥሯል፤ በሰው አገር ግን በዝቶ «መጤ» እና «ወራሪ» ተብሎ ይታደናል። እኛም በዚህ አገር ጋዜጦች ላይ እነዚህን ቃላት ስለ ሌላ ነገር ሲነገሩ ሰምተናል። ከወዳጆቻችንም አንዱ «ይህ እባብ እኛን ነው» ብሎ ነበር። ንጽጽሩን አንቀበለውም። ሰው በእግሩ፥ በፈቃዱ ወይም በመከራው ይሰደዳል፤ ይናገራል፥ ይሟገታል፥ ይሠራል። ዘንዶው ግን ተገዝቶ፥ ተጓጉዞ፥ ተሸጦ መጣ። ስለ እርሱ መናገር የነበረበት ባለቤቱ ነበር፤ ባለቤቱም ዝም አለ። የሰውን ስደት በእንስሳ ወረራ የሚመስሉት ሰዎች ይህን ልዩነት ለመሰወር የሚሹ ናቸውና እኛው ራሳችን ቋንቋቸውን አናበድራቸው።

ነገሩ ከአገራችንም የራቀ አይደለም። ከሁለቱ የአፍሪካ ዘንዶዎች አንደኛው በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች የሚገኝ የራሳችን እንስሳ ነው። የዱር እንስሳትን ንግድ በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ያለ ፈቃድ ከድንበር ሊወጣ አይችልም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ የአቦ ሸማኔን ነገር ያውቁታል። ግልገሎቹ ከአፍሪካ ቀንድ፥ ከኢትዮጵያ ጭምር፥ በሶማሌላንድ በኩል በስውር እየተጓዙ በባለጸጎች ግቢ ውስጥ ጌጥ ሲሆኑ ኖረዋል፤ ብዙዎቹም በመንገድ ይሞታሉ። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች አደገኛ አራዊትን በግል መያዝ የሚከለክል ሕግ ያወጣችው በ2016 ነው። የአንድ ሰው ጌጥ የሌላ አገር ምድረ በዳ መራቆት ይሆናል።

በትውፊታችን ስለ ዐርዌ የሚነገረውም ይህን ያሳስበናል። ያ ዘንዶ በሕዝብ ላይ የነገሠው ሕዝቡ ከብቱንና ልጆቹን እየገበረ ስለ ቀለበው ነበር፤ አንጋቦ የተባለው ጀግና እስኪገድለው ድረስ። በፍሎሪዳ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። በዚያ አንድ ሕዝብ ዘንዶን በፍርሃት ቀለበ፤ በዚህ ጥቂት ሰዎች ለራሳቸው ደስታና ትርፍ ያመጡትን ዘንዶ የጋራ ረግረግ በግዱ ይቀልባል። በሁለቱም ታሪክ ዘንዶው ያደገው የሚቀልበው ሰው መጠየቅ ባቆመ ጊዜ ነው።

በውይይት ክበባችን ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር ሐሳባችን በሁለት ተከፍሎ ነበር። አንደኛው ወገን «ፈቃድ የሚባለውን ነገር ጠግበነዋል» አለ። እውነት ነው፤ በየዓመቱ የመኖሪያ ወረቀት የምናሳድስ፥ በመስኮት ፊት ተሰልፈን ማኅተም የምንጠብቅ ሰዎች ነን። ማኅተም የሥልጣን ዱላ ሲሆንም እናውቃለን። ሁለተኛው ወገን «ሁሉም ይከልከል» አለ። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን የሚወጣ እንደ ሆነ፥ በሕጉ ዋዜማ ሌሊት እባቡን ወደ ረግረግ የሚወስደው ሰው ይበዛል፤ ጥንቁቁ አርቢ ይቀጣል፥ ግዴለሹ ይሰወራል።

እኛ የደረስንበት ሦስተኛ ሐሳብ ነው። ግዴታው ከማግኘት በፊት ይቅደም፤ ግልገሉን የሚገዛ ሰው ለሚያድገው ዘንዶ መዘጋጀቱን ያሳይ። በሚያኖርበት ዘመን ሁሉ መዝገብ፥ ምልክትና ኢንሹራንስ ይኑር። ያቃተውም ሰው እንስሳውን ያለ ቅጣትና ያለ ኀፍረት የሚመልስበት በር ይከፈት። የመጨረሻው ነገር ሕልም አይደለም፤ ፍሎሪዳ ከ2006 ጀምሮ ባለቤቶች የከበዳቸውን እንስሳ ሳይቀጡ የሚያስረክቡበትን ሥርዓት አቋቁማለች፤ ያ በር ከ30 ዓመት በፊት ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ በረግረጉ ዛሬ ጥንቸል በታየ ነበር።

እንግዲህ ፈቃድ ሁሉ ጭቆና አይደለም፤ ነፃነትም ሁሉ ፍትሕ አይደለም። አንድን ወረቀት ከሌላው የምንለይበት ጥያቄ ቀላል ነው፤ የሚጠብቀው ባለሥልጣኑን ነው ወይስ ጎረቤትን? አንድ ቀን ወደ አገራችን ተመልሰን ስለ መሬት፥ ስለ ውሃ፥ ስለ ጫካና ስለ አራዊት ሕግ ለመጻፍ የምንታደል ከሆነ፥ ሰው ምን የማግኘት መብት አለው ብለን ብቻ አንጠይቅ። ያገኘው ነገር ሲያድግ ማን ይቀልበዋል፥ ሲያመልጥስ በማን ደጅ ይገባል ብለን ሕጉን ከዚያ እንጀምር።